ለግል የሙዚቃ ዝርዝር ዘፈን በምን እንምረጥ? አምስት የአመራረጥ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በካሴት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ ስብስብ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ወደ ሙዚቃ ቤት ይሄድና ያስቀዳ ነበር። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ አንዱ ዘፈን አምስት ደቂቃ ቢፈጅ የሚገባው ስድስት ነው፤ ሰባተኛውን ለማስገባት ከስድስቱ አንዱን መተው ግድ ይል ነበር። ዛሬ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ሚሞሪ ካርድ በመካከለኛ ጥራት የተዘጋጁ ሦስት ሺህ ያህል ዘፈኖችን ይይዛል፤ በኢንተርኔት የሚደመጠውማ ማለቂያ የለውም። ወሰኑ ሲጠፋ መምረጥ ቀርቶ ማከማቸት ሆነ። ብዙ ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በስልኩ ይዞ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ አንዱንም ሳይጨርስ መንገዱን ይፈጃል።

ችግሩ የሚመነጨው የሚወደድ ዘፈን ሁሉ ለዝርዝር የሚሆን ዘፈን ነው ብሎ ከማሰብ ይመስለኛል። አንድ ዘፈን እጅግ የተወደደ ሆኖ ሳለ ለጠዋት ታክሲ፣ ለቢሮ ወይም ለቤተሰብ ቡና የማይሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዘፈኑ ከመመረጡ በፊት የት፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚደመጥ መወሰን አለበት። ከዚህ በታች ሰዎች በብዛት የሚከተሏቸውን አምስት የአመራረጥ መንገዶች በአንድ ዓይነት መስፈርት እመዝናቸዋለሁ።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት ዘላቂነት ነው፦ ዝርዝሩ ከአንድ ወር በኋላም ሳይሰለች ይደመጣል ወይ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያጋጠመውን ነገር ይበልጥ እየወደደ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ይህ መውደድ ጣሪያ እንዳለውና ድግግሞሹ ሲበዛ ወደ መሰልቸት እንደሚወርድ አመልክተዋል። ጥሩ ዝርዝር ጣሪያው ላይ ቶሎ የማይደርስ ነው።

ሁለተኛው ዝርዝሩ ለሚደመጥበት ሁኔታ መስማማቱ ነው። ሦስተኛው አድማጩን ከማያውቀው ሙዚቃ ጋር የማስተዋወቅ አቅሙ፣ አራተኛው ለማዘጋጀት የሚጠይቀው ጊዜና ድካም፣ አምስተኛው ወጪው ነው። በአገራችን ወጪ ሲባል በዋነኛነት የኢንተርኔት ዳታ ማለት ስለሆነ ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት በሚፈስ ጥራት የሚደመጥ ሙዚቃ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ320 ኪሎቢት ከሆነ ወደ 144 ሜጋባይት ይደርሳል። ዘፈኑን ከቪዲዮው ጋር ማየት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጨርሳል። አምስቱም መስፈርቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቅድሚያ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም የማይደመጥ ዝርዝር በነፃ ቢገኝም ጥቅም የለውም።

በስሜት መምረጥ

ይህ በጣም የተለመደው መንገድ ነው። አድማጩ «የደስታ»፣ «የብሶት»፣ «የናፍቆት» እያለ ዝርዝሩን ይከፍላል፤ ዘፈኑ ሲመጣለትም በስሜቱ ይመድበዋል። ለማዘጋጀት ብዙ አያደክምም፤ ምሽት ላይ ብቻን ሆኖ ለማድመጥም የሚስማማ ነው።

የአማርኛ ዘፈን ግን ለዚህ ዓይነት ክፍፍል በቀላሉ አይመችም። ግጥሙ ስለ መለየትና ስለ መከዳት እያለቀሰ፣ ምቱ ግን ትከሻ የሚያስነቅል ችክችካ የሆነ ዘፈን ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ዘፈን በግጥሙ «የብሶት»፣ በምቱ «የደስታ» ይሆናል፤ የትም ቢመደብ ጎረቤቶቹን ያውካል። ስለዚህ በስሜት ለመምረጥ የወሰነ ሰው አስቀድሞ መለያው ግጥሙ ነው ወይስ ዜማው የሚለውን መቁረጥ ይኖርበታል። ሌላው ድክመት ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ በአንድ ከባድ ሳምንት የተሰበሰበ የሐዘን ዝርዝር ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ብዙም አይከፈትም።

በሚደመጥበት ሁኔታ መምረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት የሌሎቹ ሁሉ መሠረት መሆን ያለበት ይህ መንገድ ነው።

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ በእግሩ የሚወርድ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ያ ማለት ስድስት ዘፈን ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይደርሳል፤ በዚያው መጠን የሚመታ ዘፈን እግሩን ሳያስገድድ ይዞት ይሄዳል። ማታ በዚያው መንገድ ሲመለስ ግን ዳገት ስለሚሆን የጠዋቱ ዝርዝር ይከብደዋል፤ ምቱ ረጋ ያለ ሌላ ዝርዝር ይሻላል። ይህን ልዩነት የተረዳ አድማጭ ትልቅ ስብስብ አያስፈልገውም፤ ለመውረጃና ለመውጫ ሁለት አጫጭር ዝርዝሮች ቢኖሩትና በየጊዜው ጥቂቱን ቢቀያይር ይበቃዋል።

ሚኒባስ ውስጥ ሁኔታው ሌላ ነው። የሞተሩ ድምፅ፣ የረዳቱ ጥሪና የሹፌሩ ሬዲዮ ተደራርበው በዝግታ የሚጀምሩ ዘፈኖችን ይውጧቸዋል። በነጠላ ማሲንቆ የሚከፈት መግቢያ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ባለው ጫጫታ ውስጥ ጨርሶ አይሰማም፤ አድማጩም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሙሉ ባንዱ ሲገባ ጆሮው ላይ ይፈነዳበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ ብሎ ያስቀመጠው መጠን በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማድመጥን ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከፍ ሲል የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ለታክሲ የሚመረጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍታው ብዙ የማይለዋወጥ ዘፈን ነው። ማሲንቆውና ክራሩ ለቤት ይቀመጡ።

ለቢሮ ሥራ ደግሞ ወሳኙ ነገር ቃል ነው። የሚያነብ ወይም የሚጽፍ ሰው በሚረዳው ቋንቋ የሚዘፈን ዘፈን ሐሳቡን እንደሚሻማው በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው። በተለይ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ጆሮ ሲያገኝ ወርቁን እስኪያወጡ ድረስ ስለማይለቅ፣ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ያለን ሰው ከመስመሩ ያወጣዋል። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሥራዎች፣ ከሙላቱ አስታጥቄ ስም ጋር የሚነሣው ኢትዮ ጃዝ ጭምር፣ ለዚህ ሰዓት የተሻሉ ናቸው። እጅን እንጂ ቃልን ለማይጠይቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ዕቃ ለመደርደር ወይም ልብስ ለመተኮስ፣ ግጥም ያለው ዘፈን ምንም አይከፋም።

በድምፅ ማጉያ ለቤተሰብ የሚከፈት ዝርዝር በኤርፎን ከሚደመጠው መለየት አለበት። መዝሙር ወይም መንዙማ ከጭፈራ ዘፈን ጋር በአንድ ዝርዝር ተደባልቆ በዘፈቀደ እንዲጫወት ሲደረግ፣ ከአንዱ በኋላ ሌላው ይመጣና ቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል፤ ለሃይማኖቱም ክብር አይደለም። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ዘፈን በማይከፈትበት ቤት የበገና ዝርዝር ለብቻው ተዘጋጅቶ ቢቆይ ይመረጣል። ጎረቤት ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ማጉያው እንደሚዘጋ ማንም የሚያውቀው ነው።

የዚህ መንገድ ጉድለት አድካሚነቱ ነው። ሰው ቀኑን በሰዓት ከፍሎ ማሰብ ይኖርበታል፤ አዲስ ዘፈን የማምጣት አቅሙም ዝቅተኛ ነው።

በዘመንና በትዝታ መምረጥ

ስለ ትውስታ የተደረጉ ጥናቶች ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን መሆኑን ይገልጻሉ፤ ሙዚቃም በዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በትዝታ የተመረጠ ዝርዝር በዘላቂነት የሚወዳደረው የለም። ሁኔታው ቢቀየር፣ ስሜቱ ቢያልፍ፣ የወጣትነት ዘፈን አይሰለችም።

ሆኖም ስህተት የሚፈጠረው «የድሮ ዘፈን» ሁሉ አንድ ዘመን ተደርጎ ሲታይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ካዛንቺስ ላደጉት እናቱ ለልደታቸው ዝርዝር ሲያዘጋጅ፣ በሸክላ ከታተሙት ታዋቂ ዘፈኖች መርጦ አሰማቸው። እናቱ በትህትና አደመጡና «ቆንጆ ናቸው፤ ግን እነዚህ የታላቅ እህቴ ዘፈኖች ናቸው» አሉት። ያን ጊዜ ነው «እማዬ፣ አንቺ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ የት ነበርሽ?» ብሎ የጠየቃቸው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ታይፒስት ሆነው ሥራ የጀመሩት በ1976 ዓ.ም. ነበር፤ የእርሳቸው ዘመን የካሴት ዘመን ነው። ዝርዝሩ እንደገና ሲሠራ የአሥር ዓመት ልዩነት ሁሉንም ነገር ለወጠው።

ዘመንን ለመለየት የተቀረጸበትን ነገር ማወቅ ይረዳል። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የከተማው ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው በትንሿ ሸክላ፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን እየሆነ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ዘፈኖቹ አጠር ይላሉ፤ የነሐስ መሣሪያዎች ይበዙባቸዋል። ካሴት ሲተካ አንድ ዘፋኝ ሙሉ አልበም ማውጣት ጀመረ፤ ኪቦርድም ቀስ በቀስ የነሐሱን ቦታ ያዘ። በርካታ የሸክላ ዘመን ዘፈኖች በኋላ በኪቦርድ እንደገና ተቀርጸዋል፤ ርዕሱና ዘፋኙ አንድ ሆኖ ድምፁ ፈጽሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ መታተም በጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ውስጥ ብዙውን ያገኘዋል።

አንድ ቴክኒካዊ ማሳሰቢያ፦ የሸክላ ቅጂና የቅርብ ጊዜ ዘፈን ጎን ለጎን ሲቀመጡ አዲሱ ጎልቶ ይጮኻል። አብዛኛዎቹ የሙዚቃ ማጫወቻዎች የድምፅ ከፍታን የሚያመጣጥን ምርጫ በማስተካከያቸው ውስጥ ስላላቸው እርሱን ማብራት ያስፈልጋል።

በቅኝትና በምት መምረጥ

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የዜማችን ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደረጃጀቶች፣ ናቸው። በአንድ ቅኝት ያሉ ዘፈኖች ሲከታተሉ ዝርዝሩ እንደ አንድ ረጅም ሥራ ይፈስሳል። ለዚህ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ዜማውን እያንጎራጎሩ ሳይደናቀፉ ወደ ሁለተኛው መግባት ከተቻለ ሁለቱ ተዛማጆች ናቸው። አምስት የትዝታ ዘፈኖች በተከታታይ ሲመጡ ግን ልብን ያከብዳሉ፤ በመሃል በሌላ ቅኝት ወይም በጉራጌ ፈጣን ምት መስበር ጥሩ ነው። ይህ መንገድ ከመምረጥ ይልቅ ለማስተካከል፣ ማለትም የተመረጡትን በቅደም ተከተል ለማሰለፍ፣ ይበልጥ ይጠቅማል።

በመተግበሪያው ምክር መምረጥ

መተግበሪያዎች ዘፈን የሚጠቁሙት በዋነኛነት የአድማጮችን ልማድ በማነጻጸር ነው፦ የእርስዎን ዓይነት ዘፈን የሚሰሙ ሌሎች ሰዎች ምን ሰሙ የሚለውን ያሰላሉ። ብዙ አድማጭ ባለበት ሙዚቃ ይህ በሚያስገርም ሁኔታ ይሠራል። ድካም የለውም፤ አዲስ ዘፈን በማስተዋወቅም ከአምስቱ አንደኛ ነው።

ለአማርኛ ሙዚቃ ግን ሦስት እንቅፋቶች አሉበት። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ «ጥላሁን ገሠሠ» ብሎ ይጭናል፤ ሌላው «ገሰሰ» ብሎ፤ ሌሎች ደግሞ በላቲን ፊደል እንደየስሜታቸው ይጽፉታል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስትና አራት ዘፋኝ ሊሆን ይችላል፤ አድማጩም በመካከላቸው ይበታተናል። ዘፈን ሲፈልጉ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» እየቀያየሩ መሞከር በአንዱ አጻጻፍ የተደበቀውን በሌላው ያወጣል። ሁለተኛው እንቅፋት ሰው በብዛት የሚሰማቸው የአንድ ሰዓት ቅንብሮች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዘፈን «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» በሚል አንድ ርዕስ ስለሚጠቀለል የትኛው ዘፈን እንደተወደደ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ሦስተኛው የተጠቆመው ቅጂ ዋናው ይሁን በኋላ የተደገመ አለመለየቱ ነው።

በዚህ የተነሣ መተግበሪያው ጥቂት ታዋቂ ዘፈኖችን ደጋግሞ ያቀርባል። ምክሩን ለመፈለጊያ እንጂ ለመወሰኛ መጠቀም አይገባም የምለው ለዚህ ነው፦ የወደዱትን አንድ አዲስ ዘፈን ይውሰዱ፤ ዝርዝሩን ግን ለእርሱ አያስረክቡ። ሬዲዮና የጓደኛ ግብዣም በዚሁ ምድብ ይታያሉ፤ ልዩነታቸው ጓደኛ ዘፈኑን ሲሰጥ ምክንያቱን አብሮ መንገሩ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ዘላቂነት | ለሁኔታ መስማማት | አዲስ ማስተዋወቅ | ድካም | የዳታ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በስሜት | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ትንሽ | አውርዶ ከያዙት ትንሽ |
| በሁኔታ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ብዙ | አውርዶ ከያዙት ትንሽ |
| በዘመንና በትዝታ | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ለፍለጋው ብቻ |
| በቅኝትና በምት | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ብዙ | አውርዶ ከያዙት ትንሽ |
| በመተግበሪያ ምክር | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ | የለም ማለት ይቻላል | ከፍተኛና የማያቋርጥ |

ለማን የትኛው?

ዳታ ለሚቆጥብ ተማሪ፦ በቀን ሁለት ሰዓት በቀጥታ ማድመጥ በ128 ኪሎቢት ጥራት እንኳ በወር ሦስት ጊጋባይት ተኩል ያህል ይፈጃል። አርባ ዘፈን በዋይፋይ አውርዶ መያዝ ግን 200 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ በሁኔታ ይምረጡ፤ ሁለት አጫጭር ዝርዝሮች ያውርዱ፤ በየወሩ የሰለቹትን ይቀይሩ።

ለቢሮ ሠራተኛ፦ የመንገዱንና የሥራውን ዝርዝር ይለዩ። ለሥራው ቃል የሌለው ሙዚቃ በቂ ርዝመት እንዲኖረው ያድርጉ፤ አንዱ ዘፈን በቀን ሁለቴ ከተደገመ ቶሎ ይሰለቻል። ለመንገዱ ግን ስድስት ወይም ሰባት ዘፈን ከበቂ በላይ ነው።

ለወላጅ ወይም ለአረጋዊ የሚያዘጋጅ ሰው በዘመን ይምረጥ፤ የሚጀምረውም በጥያቄ ይሁን። የዘፈን ስም ከመጠየቅ ይልቅ በሃያ ዓመታቸው የት ይኖሩ እንደነበር፣ ሬዲዮ ይሁን ካሴት ወይም የሙዚቃ ድግስ ያደምጡ እንደነበር መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

የቀድሞውን ሙዚቃ ማወቅ የጀመረ ወጣት በመተግበሪያው ምክር ቢጀምር አልቃወምም፤ ነገር ግን የወደደውን ዘፈን ዓመቱንና የመጀመሪያውን ቅጂ ፈልጎ ወደ ዘመን ዝርዝር ያዛውረው። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ በእጁ የሚቀረው ይህ ነው።

መክፈል የሚችል ሰው ቢከፍል እመክራለሁ። መብቱ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀለት ባለሙያ በቴሌግራም ቻናል በነፃ ከሚሠራጭ ዘፈን ምንም አያገኝም፤ ቀጣዩን አልበም የሚሠራው ግን ያው ባለሙያ ነው። እንደ ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችም ሆኑ የውጭዎቹ ከመመረጣቸው በፊት አንድ ፈተና ይለፉ፦ ከሚወዷቸው ዘፈኖች አሥሩን ይጻፉና በእያንዳንዳቸው ይፈልጉ። ስንቱ እንደተገኘ፣ የተገኘውም የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑን፣ ያለ ኢንተርኔት ለማድመጥ ማውረድ መቻሉንና የዘፋኙ ስም በአንድ አጻጻፍ መቀመጡን ይመልከቱ። ከአሥሩ ግማሹን እንኳ የማይዝ መተግበሪያ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለእርስዎ አይደለም፤ ለአንድ ወር ብቻ ከፍሎ መሞከር የሚቻል ከሆነም የዓመቱን ክፍያ ከዚያ በኋላ ይወስኑ።